«የዓይን ስም ለልጅ ይወጣል እንዴ?» ስለ አይሪስ የተጠየቀ ጥያቄና መልሱ

ጥያቄው፦ «ሴት ልጅ ልወልድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ባለቤቴ አይሪስ እንበላት አለ። እኔም ስሙን ወደድኩት። እናቴ ግን የዓይን ክፍል መሆኑን ከጎረቤት ሰምታ ‹የዓይን ስም ለልጅ ይወጣል እንዴ?› ብላ አኮረፈች። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ስለሆነች ደግሞ የጣዖት ስም ነው መባሉን ብትሰማ ጉድ ይፈላል። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ አንዱ አበባ ይላል፣ አንዱ የግሪክ አምላክ፣ አንዱ የካሜራ ዕቃ፣ አንዱ ሚሳይል። እርስዎ በትርጉም ሥራ ላይ ነዎት። ትክክለኛው የቱ ነው? በአማርኛስ ምን ይባላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ በሽልም ያውጣሽ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። የሕክምናና የቴክኒክ ጽሑፍ ስተረጉም እንደ አይሪስ ያንገላታኝ ቃል ጥቂት ነው። ዛሬ ዓይን ነው፣ ነገ ካሜራ ነው፣ ከነገ ወዲያ አበባ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ካገኘሻቸው ትርጉሞች ውስጥ ሐሰት የለም። ሚሳይሉን ለብቻው አስቀምጪውና የቀሩት ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናቲቱ ቀስተ ደመና ናት። አይሪስ በጥንቱ ግሪክኛ ቀስተ ደመና ማለት ነው። ያቺው እኛ የማርያም መቀነት የምንላት። ልጅ ሆነን ፀሐይም ዝናብም ባንዴ ሲሆን «ጅብ ወለደች» እያልን ስንጮህ፣ ጀርባችንን ለፀሐይ ብንሰጥ ኖሮ ፊት ለፊታችን የምናገኛት እሷን ነበር።

ግሪኮች ቀስተ ደመናን ሰው አደረጓት። ሴት ናት፣ ክንፍ አላት፣ የአማልክት መልእክተኛ ናት። ሰማይንና ምድርን የሚያገናኝ ነገር ሲያዩ «መልእክተኛ» ማለታቸው አይገርምም። አባቷ ታውማስ ይባላል፤ ስሙ «መደነቅ» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ዘመድ ነው። የትሮይን ጦርነት በሚተርከው በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የምትመላለሰው እሷ ናት። ልጁ የተገደለበትን ሽማግሌውን ንጉሥ ፕሪያምን «ተነሥ፣ ሂድና የልጅህን ሬሳ ለምነህ አምጣ» ብላ የምትቀሰቅሰውም እሷ ናት።

በሌላው የሆሜር ተረክ በኦዲሲ ግን የመልእክተኛነቱ ሥራ ለሄርሜስ ተሰጥቷል። እዚያ የእሷ ስም ብቅ የሚለው በቀልድ ነው። ለሰው ሁሉ እየተላላከ የሚኖር አንድ ለማኝ አለ። ጎረምሶቹ «ኢሮስ» ብለው ቅጽል አወጡለት። ወንዱ አይሪስ እንደማለት። እኛ ሰፈር ወሬ የሚያመላልሰውን ሰው «ሬዲዮ» እንደምንለው ነው።

እንግዲህ የጣዖት ስም ነው ወይ? እናትሽ ይህን ከጠየቁሽ በመጽሐፍ ቅዱስ መልሺላቸው። አዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክኛ ነው። ራእይ ምዕራፍ 4 ቁጥር 3 ላይ በዙፋኑ ዙሪያ «መረግድን የመሰለ ቀስተ ደመና» ነበረ ይላል። ግሪክኛው ላይ ያለው ቃል ይኸው «ኢሪስ» ነው። ምዕራፍ 10 ላይም በኃያሉ መልአክ ራስ ላይ ያለው ቀስተ ደመና እንዲሁ። ዮሐንስ የጣዖት ስም እየጠራ አልነበረም። በዘመኑ ሰው ሁሉ ሰማይ ላይ ያየውን ነገር የሚጠራበትን ተራ ቃል ነው የተጠቀመው።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ሆኖብኝ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በዘፍጥረት 9 ለኖኅ የተሰጠው ቀስት ግን በግሪክኛው ትርጉም «ኢሪስ» አይባልም። «ቶክሶን» ነው የሚለው፣ የሚወረወርበት ቀስት። ምክንያቱም ዕብራይስጡ «ቄሼት» ስለሚል። ቄሼትና የእኛ ቀስት አንድ ሥር ናቸው። ስለዚህ በግሪክኛ ሁለት ቃል የሆነው ለእኛ አንድ ነው፤ ኖኅም ዮሐንስም ያዩት ቀስት ነው።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። በዛሬው ዕብራይስጥ የዓይኑ አይሪስ «ቀሽቲት» ይባላል። ከዚያው ከቀስቱ የወጣ ቃል ነው፤ «ትንሿ ቀስተ ደመና» እንደማለት። ዐረቦችም ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። ቀስተ ደመና «ቀውስ ቁዘሕ» ነው፤ የዓይኑ አይሪስ ደግሞ «ቁዘሒያ»። ስፔኖች እስከ ዛሬ ቀስተ ደመናን «አርኮ ኢሪስ» ነው የሚሉት። አማርኛ ግን ቀስቱን ሰማይ ላይ ትቶ ለዓይኑ ቀለበት የራሱን ስም ሳያወጣ ቀርቷል። እኔን የሚያንገላታኝም ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ ዓይን። እናትሽን ያስኮረፋቸው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

መስታወት ፊት ቁሚና ዓይንሽን እይው። ነጩን ተይው። መሐል ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ብሌን ነው። በዙሪያው ያለው ቡናማ ቀለበት አይሪስ ነው። ከዳር እስከ ዳር 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ሰው ዓይን ቡናማው በጣም ጠቆር ያለ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ከብሌኑ አይለይም። ለዚህ ይመስለኛል ሁለቱን ባንድ ላይ «ጥቁሩ» የምንለው። «ነጩን ነው የሚያምሽ ጥቁሩን?» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል።

ሥራ ስጀምር እኔም ተሳስቼበታለሁ። ለዓይን ሕሙማን የሚታደል በራሪ ወረቀት ስተረጉም «የብሌን ቀለም» ብዬ ጻፍኩ። ያረመው ሐኪም ወረቀቱን በቀይ አስምሮ መለሰልኝ። ከጎኑ «ቀዳዳ ቀለም የለውም» የሚል ጽፎበታል። እውነቱን ነው። ብሌን ዕቃ አይደለም፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ጥቁር የሚመስለው ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ነው። ቀን ከደጅ ሆነሽ በቤት መስኮት ስታዪ ውስጡ ጥቁር እንደሚሆንብሽ።

አሁን ለእናትሽ ዋናውን መልስ ልስጥሽ። የዓይን ስም ለልጅ ይወጣል ወይ? ከወጣ ቆየ እኮ! ብሌን የምትባል ልጅ የሌለችበት ሰፈር አለ? ከዓይን ክፍሎች ሁሉ ቀዳዳው ለሴት ልጅ ስም ሆኖ ስንቱ ቤት ገብቷል። «እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» የሚለውን የዳዊት መዝሙር የማያውቅ ስለሌለ ማንም ቀዳዳ ነው ብሎ አያስብም። ውድ ነገር፣ የሚጠበቅ ነገር ነው የሚታየው። ግዕዙ ዳዊት ደግሞ «ብንተ ዓይን» ይላል። በዕብራይስጡም «የዓይን ልጅ» የሚል ሐረግ አለ፣ ሴት ልጅ። ግሪኮችም ብሌንን «ኮሬ» ይሉታል፣ ልጃገረድ ማለት ነው። የላቲኑም ቃል «ትንሽ አሻንጉሊት» ነው። ይህ ሁሉ የሆነው የሰው ዓይን ውስጥ ቀረብ ብለሽ ስታዪ የራስሽ ምስል ትንሽ ሆኖ ስለሚታይሽ ነው። ስለዚህ ብሌን ልጅቱ ናት፤ አይሪስ ደግሞ በዙሪያዋ የተጠመጠመው መቀነት። እንግዲህ እናትሽ ብሌንን ፈቅደው መቀነቷን የሚከለክሉበትን ምክንያት ይንገሩን።

አይሪስ የሚሠራው ምንድን ነው? በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። ውስጡ ሁለት ጡንቻ አለ። አንዱ ብሌኑን ዙሪያውን ከቦት እንደ ከረጢት ማሰሪያ ይሰበስበዋል። ሌላው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከመሐል ወደ ዳር ተዘርግቶ ይከፍተዋል። ፀሐይ ላይ ብሌን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ጨለማ ውስጥ በወጣት ዓይን እስከ 8 ሊደርስ ይችላል። ሆን ብለሽ ልታዝዢው አትችይም። ስትደነግጪም ይከፈታል። ሐኪም ባትሪ ዓይንሽ ላይ ሲያበራ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይዘጋሉ ወይ?

ቀለሙ የሚመጣው ሜላኒን ከሚባለው ነው፣ ቆዳችንን ያጠየመው ያው ነገር። ብዙ ካለ ቡናማ፣ ትንሽ ካለ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ። የሚገርመው ሰማያዊ ዓይን ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ሰማይ ሰማያዊ የሚመስለው ብርሃን ስለሚበተን እንደሆነ ሁሉ እዚያም የተበተነ ብርሃን ነው። ልጅሽ ስትወለድ ዓይኗ ትንሽ ገርጣ ብሎ ብታዪው አትደንግጪ። ሜላኒኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየጨመረ ይሄዳል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ፤ ጽሑፎቹን ስተረጉም የተማርኳቸው ናቸው። አንደኛ፣ አይሪስ ራሱ ይቆጣል። ሐኪሞች «አይራይቲስ» ይሉታል። ዓይን ይቀላል፣ ያማል፣ ብርሃን አያስችልም፣ እይታ ይደበዝዛል። ሰው «የዓይን ማዝ ነው» ብሎ ቤት ይቀመጣል። ማዝ አብዛኛውን ጊዜ ያሳክካል፣ ዓይናር ያበዛል፤ እንዲህ ብርሃን የሚያስጠላ ሕመም ግን የሱ ጠባይ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ካለ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሁለተኛ፣ አይሪስን አይቶ የኩላሊትም የጉበትም በሽታ አውቃለሁ የሚል ሰው ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ያዢ። «አይሪዶሎጂ» ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፔትሼሊ የሚባል ሃንጋሪያዊ የጀመረው ነው። በ1979 አሜሪካ ውስጥ ባለሙያ ነን ያሉትን የ143 ሰዎችን የዓይን ፎቶ ሰጥተው ኩላሊቱን የሚያመውን ለዩልን አሏቸው። መለየት አልቻሉም።

የአይሪስ ትክክለኛ ጥቅም ሌላ ነው፤ ማንነት። መስታወቱ ፊት ካልሄድሽ ደግመሽ እይው። ለስላሳ ቀለበት አይደለም። ክር ክር ይላል፣ ጉድጓድ አለው፣ ሸንተረር አለው። ይህ ንድፍ ልጅ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ይጨርሳል፤ የልጅሽ አሁን እየተጠናቀቀ ነው ማለት ነው። መንታዎች እንኳ አይመሳሰሉም። የራስሽ ግራና ቀኝ ዓይንም አይመሳሰልም። ጆን ዳውግማን የሚባል የካምብሪጅ ሰው ይህን ንድፍ ወደ ቁጥር የሚቀይር ስልት አውጥቶ በ1994 ፓተንት አገኘበት። ስመ ጥር ያደረገው ሥራ የአፍጋኗ ልጅ ነገር ነው። በ1984 በስደተኛ ካምፕ ፎቶ የተነሳችው አረንጓዴ ዓይኗ ልጅ ከ17 ዓመት በላይ ቆይታ በ2002 ስትገኝ «እሷ ናት?» የሚለውን የለየው አይሪሷ ነው። ሻርባት ጉላ ትባላለች።

እዚህ አገር ፋይዳ መታወቂያ ስታወጪ ዓይንሽ ላይ ያስጠጉት መሣሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። አሥር ጣት፣ ፊት፣ ሁለት አይሪስ። ሰው «ዓይኔን ተነሳሁ» ነው የሚለው፤ በቂ አማርኛ ነው። ገልፍ የሠሩ እህቶቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከአገር የተባረረ ሰው በሌላ ስም እንዳይመለስ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየመግቢያው አይሪስ ያነሳ ነበር። አንዳንዱ ተጓዥ ማሽኑን ለማታለል ብሌን የሚከፍት ጠብታ ዓይኑ ላይ አድርጎ መጣ። ብሌኑ ሲሰፋ ቀለበቱ ይጠባል፣ ንድፉ ይጨማደዳል። ኋላ ላይ ነቁ፤ ብሌኑ ከልክ በላይ የሰፋውን ሰው ለይተው ቆይተው እንደገና ያነሱት ጀመር።

ካሜራው ቀላል ነው። ሌንስ ውስጥ እርስ በርስ የሚደራረቡ ስስ የብረት ምላጮች አሉ። ሲሰበሰቡ መሐል ያለው ቀዳዳ ይጠብባል፣ ሲዘረጉ ይሰፋል። ልክ እንደ ዓይን ነው፣ ስሙም ከዓይን የመጣ ነው። ፎቶ አንሺዎች «አፐርቸር» ማለት ይወዳሉ፤ ቪዲዮ የሚያነሱት ግን አይሪስ ነው የሚሉት። የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ «አይሪሱን ዝጋው፣ ቬሎው ተቃጠለ» ሲል ነጩ ቀሚስ ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ጠፋ ማለቱ ነው። ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። ከ2.8 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5.6 ስትሄጂ ቁጥሩ ያድጋል፣ የሚገባው ብርሃን ግን በየደረጃው በግማሽ ይቀንሳል። በድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን ደግሞ ትዕይንት ሲያልቅ ጥቁር ክብ ከዳር እየጠበበ መጥቶ ሰውየውን መሐል ላይ ይውጠው ነበር። እሱም አይሪስ ይባላል። እዚህ ላይ ቃሉ ከእናቱ ምን ያህል እንደራቀ ልብ በዪ። የቀስተ ደመና ስም ነበር፤ አሁን ድብን ያለ ጥቁር ብረት ይጠራበታል።

አበባው ግን ከእናቱ አልራቀም። ግሪኮች አይሪስ ያሉት ቀለሙ ስለበዛ ነው። ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ አለው። ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ስድስት የአበባ ቅጠል አለው፤ ሦስቱ ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ሦስቱ እንደ ምላስ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። የዮርዳኖስ ብሔራዊ አበባ ጥቁሩ አይሪስ ነው። የጣሊያኗ የፍሎረንስ ከተማ ዓርማም፣ ሰው «ሊሊ» ቢለውም፣ በእርግጥ አይሪስ ነው። ከየመን ወገን የመጣ አንድ ነጭ ዝርያ ደግሞ በብዙ የሙስሊም አገሮች መቃብር ላይ ይተከላል። ይህቺን ለእናትሽ አትንገሪያቸው።

ሽቶ ሠሪዎች ግን በዋናነት የሚፈልጉት ሥሩን ነው። ሥሩን ቆፍረው፣ ልጠው፣ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ያደርቁታል። ትኩሱ ሥር የሚረባ ሽታ የለውም። ሲቆይ ነው ውስጡ «አይሮን» የሚባል ንጥረ ነገር የሚፈጠረው፣ እሱ ነው የሚያውደው። ውድ ሽቶዎች ውስጥ ዛሬም አለ። ኮምፒውተር የሚማር ወንድም ካለሽ ደግሞ አይሪስን ከዓይንም ከአበባም በፊት ያወቀው በቁጥር ሠንጠረዥ ይሆናል። ሮናልድ ፊሸር በ1936 ያሳተመው የ150 አበቦች ልኬት ነው፤ ከሦስት ዝርያ ሃምሳ ሃምሳ፣ የእያንዳንዱ አበባ አራት ልኬት። ማሽን እንዴት እንደሚማር የሚያስተምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። አበባውን ባይኑ ያላየ ስንት ፕሮግራመር ስለ አይሪስ ቅጠል ርዝመት በቃሉ ይነግርሻል።

እኛስ አገር? አበባ ቤት ረጅም ሆኖ ከታች ወደ ላይ ተደርድሮ የሚያብብ ግላዲዮለስ የሚባል አይተሽ ይሆናል። እሱ የአይሪስ ቤተሰብ ነው። አንዱ ነጭ፣ ጉሮሮው ሐምራዊ የሆነ ዝርያ የተፈጥሮ ቦታው ከኢትዮጵያ ይጀምራል፤ በውጭ ገበያ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እየተባለ ይሸጣል። በስም በኩል ደግሞ ከዚህ የቀረበ ዘመድ አለን። ዐረቦች አይሪስን «ሰውሰን» ይሉታል። ሰውሰን ከዕብራይስጡ «ሾሻና» ጋር አንድ ነው፤ ሾሻና ወደ እኛ ሲደርስ ሶስና ሆነ። ዕብራይስጡ ሊሊን ነው የሚለው፣ ዐረብኛው አይሪስንም ይጨምራል፤ አበባና ስም እንዲህ እየተቀላቀሉ ነው አገር የሚሻገሩት። ቤተሰባችሁ ውስጥ ሶስና የምትባል አክስት ካለች ልጅሽ ሞክሼ ባትሆን እንኳ ጎረቤት ናት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። በ1803 ስሚዝሰን ቴናንት የሚባል እንግሊዛዊ አዲስ ብረት አገኘ። ብረቱ ራሱ ብር መሳይ ነው፤ ከአሲድ ጋር ሲዋሃድ ግን ቀለሙ ተለዋወጠበትና «ኢሪዲየም» አለው። በጣም ጠንካራና በቀላሉ የማይዝግ ስለሆነ ዛሬ ጫፉ ኢሪዲየም የሆነ ካንዴላ ይሸጣል፤ መካኒክሽ ከተራው የበለጠ ሂሳብ ሲጠይቅሽ በቀስተ ደመና ስም ነው የሚያስከፍልሽ። ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው የሚለው ሐሳብም የተነሳው ከሱ ነው፤ በ1980 አልቫሬዝ አባትና ልጅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ዘመን የአፈር ንጣፍ ውስጥ ኢሪዲየም ከልኩ በላይ መብዛቱን አሳዩ። ሰማይ ላይም አይሪስ የተባለች ትንሽ ዓለም አለች፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ትዞራለች፣ በ1847 ነው የታየችው።

ከዚህ ውጭ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ የምታዪው አይሪስ አብዛኛውን ጊዜ የምሕጻረ ቃል ጨዋታ ነው። ሰዎች ረጅም ስም ያወጡና የመጀመሪያ ፊደሎቹ ቆንጆ ቃል እንዲሆኑ ያደርጓቸዋል። የጀርመኑ ሚሳይል እንደዚያ ነው። ናሳ በ2013 ፀሐይን እንዲያጠና የላከው ሳተላይትም። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያጠኑ የአሜሪካ ተቋማት በ1984 የመሠረቱት ማኅበርም ይህን ስም ይዞ ኖሯል፤ በሱ መረብ ውስጥ ካሉት ጣቢያዎች አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ነው። እነዚህ ከልጅሽ ስም ጋር ምንም አያገናኛቸውም።

በአማርኛ ምን ይባላል ላልሽው፣ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ለሕሙማን ስጽፍ መጀመሪያ «በብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ቀለበት፣ አይሪስ» እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ አይሪስ ብቻ። ለካሜራም ለአበባም አይሪስ። «ቀስተ ዓይን» የሚል ቃል ብንፈጥርስ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ዕብራይስጡም ዐረብኛውም አድርገውታል፣ ያምራል። ግን ሐኪሙ አያውቀው፣ ታማሚው አያውቀው። ማንም የማይጠራውን ቃል በራሪ ወረቀት ላይ መጻፍ ታማሚን ማጉላላት ነው።

አጻጻፉ ላይ ግን ከአሁኑ ወስኑ። እንግሊዝኛው «አይሪስ» ነው፤ ግሪክኛው፣ ጣሊያንኛውና ፈረንሳይኛው «ኢሪስ»። ሁለቱም ልክ ነው። የልደት ካርዱ ላይ አንዱን ጽፋችሁ ፓስፖርቱ ላይ ሌላውን ካደረጋችሁ ግን በየቢሮው የምትመላለሺው አንቺ ነሽ። «ኢሪስ» ለአማርኛ አፍ ይቀላል። «አይሪስ» ካላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት አንዱ ተንኮለኛ «አይ ሪዝ!» ብሎ ጺም ሳይሠራላት አይቀርም። ቤት ውስጥ ግን «አይሪዬ» ማለት ደስ ይላል።

እናትሽ ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተዋጠላቸው አትጨቃጨቂያቸው። የቤት ስም ያውጡላት፤ አያት የፈለገችውን ብትጠራ ማን ይከለክላታል። ምርጫ ከጠየቁሽ ኪዳን በያቸው። ለኖኅ ደመናው ላይ የታየው ቀስት የቃል ኪዳን ምልክት ነውና እሳቸው በግቢው በር «ኪዳን!» ብለው ሲጣሩ የሚጠሩት ያንኑ አይሪስን ነው።